ለኮሪን ያልላክሁት ማስታወቂያ

ሴፕቴምበር 6፣ ማክሰኞ

የሰራተኞች ቀን በዓል አለፈ፤ ሰው ሁሉ ፀሐይ አቃጥሎት ወደ ስራ ተመለሰ። ዛሬ የሁለት በያጅና የአንድ ጥበቃ ማስታወቂያ አወጣሁ። ፋብሪካችን ለወታደር መኪና የሃይድሮሊክ ቱቦ ስለሚሰራ ሕጉ በእኛ ላይ ጠበቅ ይላል። ከትልልቆቹ አለቆች በቀር ከውጭ ሰው የምንፈልግበትን ቦታ ሁሉ ለስቴቱ የስራ ማገናኛ ቢሮ መላክ አለብን፤ የቀድሞ ወታደሮች ከሌላው ቀድመው እንዲያዩት። ከውስጥ ሰራተኛ የምናሳድግ ከሆነ ግን አይላክም። አስራ ዘጠኝ ዓመት እየላክሁ ነው፤ አንድም አምልጦኝ አያውቅም። አለቃችን ሚስተር ቲግ ራሱ «ማርሊስ ካለች እኔ ሕግ አላነብም» ይላል።

እኔ የምልከውን የምትቀበለው ኮሪን ናት። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የያዘችው እሷ ናት፤ ራሷም አስር አለቃ ነበረች። ዛሬ የፖም ኬክ ይዛ መጣች። ቢሮው በሙሉ ከወንበሩ ተነሳ። ደመወዝ ከፋይዋ ዊላ፣ ለእኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርሷን አሳይታኝ የማታውቀው፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ይህቺ ልጅ ስትገባ ግድግዳውም ይስቃል» አለችኝ ዊላ፣ ኮሪን ስትወጣ።

«ግድግዳ ምን ሥራ አለው» አልኳት።

ኬኩን አልቀመስሁም። ጥሩ ይሸት ነበር። ኮሪን ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ዞር ብላ «ሌላንድን ሰላም በይልኝ» አለችኝ። የባሌን ስም ከየት አመጣችው?

ሴፕቴምበር 7

ጠየቅሁት። «ክበቡ ውስጥ አያታለሁ» አለ፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ጭንቅላቱን ሳያወጣ። የቀድሞ ወታደሮች ክበብ ማለቱ ነው። እሱ ክበብ የሚሄደው ለዓርብ ዓሣ ጥብስ ነው፤ እኔም አብሬው ነው የምሄደው። መቼ ነው የሚያያት?

ሴፕቴምበር 13፣ ማክሰኞ

ሌላንድ ጺሙን ተላጨ። ማክሰኞ! የሚሰራበት መጋዘን በኤፕሪል ከተዘጋ ወዲህ የሚላጨው ለእሑድ ብቻ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ከሚሰራበት የሚስማርና የቀለም ሱቅ ማክሰኞ ዕረፍቱ ነው። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለበሰ፤ ለእህቴ ልጅ ሰርግ የገዛሁለትን።

«የት ነው?»

«ኦሪን ጋ። ጣሪያውን ላግዘው።»

ለጣሪያ የሰርግ ሸሚዝ። 

ሴፕቴምበር 16

የኦሪንን ሚስት ገበያ አገኘኋት። ኦሪን ወንድሙን ሌላንድን ካየው ወር አልፎታል አለች። ጣሪያቸው ደህና ነው።

ሴፕቴምበር 20፣ ማክሰኞ

ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ለማን ልናገረው። በምሳ ሰዓት መኪናዬን አስነስቼ ወደ ከተማ ወረድሁ። የሌላንድ መኪና ከስራ ማገናኛው ቢሮ ጀርባ ካለችው ቁርስ ቤት ፊት ቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በመስታወቱ አየሁ። ኮሪንና እሱ። ፊት ለፊት።

ሲያወራ ነበር። የእኔ ሌላንድ! በእጁ ጭምር ያወራል፤ የሆነ ነገር ይከምራል፣ ይደረድራል፣ ወዲያ ይገፋል። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬው ስተኛ ወታደር ሳለ ስለነበረበት በረሃ የነገረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይሞቃል፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ለእሷ ግን እጁን እያወናጨፈ ይዘረዝርላታል። እሷ ደግሞ አቀርቅራ ወረቀት ላይ ትጽፍለታለች። ስልክ ቁጥሯን ይሆናል። ገጹን ገልብጣ በጀርባውም ጻፈች።

ሳንድዊቼን ሳልበላ ተመለስሁ። ዊላ «ፊትሽ አመድ መስሏል» አለችኝ። ጨጓራዬን ነው አልኳት።

ሴፕቴምበር 21

መስታወት ፊት ብዙ ቆየሁ። እሷ ሠላሳ ስምንት ናት፤ እኔ ሃምሳ አንድ። ፀጉሬን ልቀባ ይሆን? ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

ሴፕቴምበር 28

ስለ ኮሪን ቢሮ ሌላንድ ያለኝን አንድ ነገር ዛሬ አስታወስሁ። ባለፈው ዓመት «ለምን እዚያ ቢሮ አትሄድም፣ ለእናንተ የተከፈተ ነው» ስለው «ያ እግሩን ላጣ ሰው ነው፤ እኔ ሁለቱም አሉኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። ስለዚህ ለስራ ብሎ እንዳልሄደ የታወቀ ነው። የሰው ልጅ ለስራ ብሎ የሰርግ ሸሚዝ አይለብስም።

ኦክቶበር 3፣ ሰኞ

የመጋዘኑ ኃላፊ አርሎ ጡረታ ሊወጣ ነው። ጉልበቱ አልቻለም። በወሩ መጨረሻ ይሰናበታል። ሚስተር ቲግ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ «ከማታ ፈረቃ ዱክን ሳናሳድገው አንቀርም፤ ብቻ አንቺ የሚደረገውን አድርጊ» ብሎኝ ሄደ።

ማታ እራት ላይ ለወሬ ያህል አነሳሁት። ሌላንድ ሹካውን አስቀመጠ።

«አርሎን ማን ይተካዋል?»

«ገና ነው።»

«ማስታወቂያ ይወጣል?»

«ሊወጣ ይችላል።»

«መቼ?»

ስለ ፋብሪካው ጠይቆኝ አያውቅም። በተለይ ካለፈው ወዲያ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሚስተር ቲግን ለምኜ ለቃለ መጠይቅ አስጠራሁት፤ ኮሪደሩ ላይ አንዱ «የማርሊስ ባል ይግባ» ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹ ሳቁ። እሱ መሃል ላይ ተነስቶ ወጣ። «በሚስቴ ቀሚስ ተከልዬ አልገባም» አለኝ፤ ሳምንት አላናገረኝም። እኔ ምን አጠፋሁ? አሁን ግን «መቼ» ይለኛል። ኮሪን ልካው ነው። ወሬ ቃርመህ አምጣልኝ ብላው ይሆናል።

ኦክቶበር 5

ማስታወቂያውን ጻፍሁ። የመጋዘን ኃላፊ፣ የቀን ፈረቃ፣ ሹፌሮችንና ዕቃ ጫኚዎችን የሚያስተባብር፣ የጭነት ግቢ ወይም የዕቃ ማከማቻ ያስተዳደረ ይመረጣል። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

ከዚያ የስቴቱን ገጽ ከፈትሁ። ኮሪን በዚህ ደረጃ ያለ ቦታ ሲመጣላት ስልክ ደውላ አይበቃትም፤ በሳምንት ሦስት ቀን ሰዎቿን ይዛ ትመጣለች፤ የእኔ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፤ ቢሮው ይስቃል።  ገጹን ዘጋሁት። ፋይሉ ላይ «ከውስጥ የሚሞላ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ወረቀቱን የሰዓት መፈረሚያው አጠገብ፣ የእኛ ሰዎች ብቻ በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ለጠፍሁት።

ውሸት አይደለም። ዱክን እናሳድገዋለን ብሏል። ሳናሳድገው አንቀርም ነው ያለው፤ ያው ነው። አንድ ወር ፊቷን ሳላይ ልኑር።

ኦክቶበር 7

«ወጣ?» አለኝ ሌላንድ።

«ከውስጥ ነው የሚሞላው።»

«እርግጥ ነው?»

«እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ጋራዡ ውስጥ ገብቶ እስኪመሽ ቆየ። መብራት እንኳ አላበራም። ለማን ነው እንዲህ የሚያዝነው?

ኦክቶበር 13፣ ሐሙስ

ኮሪን ደወለች።

«ማርሊስ፣ አርሎ ሊወጣ ነው አሉ። ቦታው እኔ ጋ አልደረሰም።»

«ከውስጥ ይሞላል።»

«አይ! እውነት? አንድ ሰው ነበረኝ እኮ። ቦታው በልኩ የተሰፋለት። ሁለት ወር ነው የተዘጋጀው።»

«ማን ነው?»

«ስሙን አልነግርሽም። አደራ ብሎኛል።»

የሰው ሁሉ አደራ እሷ ጋ ነው የሚቀመጠው። «ይቅርታ፣ አይሆንም» ብዬ ዘጋሁት። ድምፄ እንዴት የረጋ ነበር! ኮራሁ። 

ኦክቶበር 18፣ ማክሰኞ

አልተላጨም። ቤት ዋለ። ተጣልተው ይሆን? ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም። ምሳ ልበላ መጥቼ ሳገኘው ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ፊቱ ተቀምጧል። ሾርባ አሞቅሁለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ እንግዳ ቤት እንደ መጣ ሰው።

ኦክቶበር 20

ዱክ ቦታውን አልፈልግም አለ። ኃላፊ ከሆነ የማታ ፈረቃው ጭማሪ ይቀርበታል፤ ደግሞም ሰው ማዘዝ አይወድም። ሚስተር ቲግ ምንም አልመሰለውም። «ቶሌዶ አንድ የማውቀው ሰው አለ፣ ዕቃ አቅራቢያችን ጋ የሚሰራ፤ ዛሬውኑ ደውይለት» አለኝ።

ከውጭ ሰው ከሆነ ማስታወቂያው ለስቴቱ መላክ ነበረበት። ያን ሰዓት፣ እዚያው ቆሜ፣ «ሚስተር ቲግ፣ ይህማ መጀመሪያ መላክ አለበት፤ ጥቂት ቀን ይስጡኝ» ማለት ነበረብኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያልኩት ቃል ነው። አፌ አልከፈት አለኝ። ብልከው መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት፤ «ከውስጥ ነው አላልሽኝም?» ትለኛለች።

ዊላ ሰምታ ነበር። «ከውጭ ከሆነ አይላክም እንዴ?» አለች።

«ጊዜ የለም።»

«ላንቺ? ላንቺ እኮ ሁሌም ጊዜ አለ» አለችና ወደ ስሌት ማሽኗ ዞረች።

ኦክቶበር 24

ብራይስ ይባላል፣ የቶሌዶው ሰውዬ። መጣ፣ አየ፣ እጅ ጨበጠ። ኖቬምበር ሰባት ይጀምራል። ወታደር ሆነው ያውቃሉ ወይ የሚለውን ቅጽ ሳቀብለው «ኧረ እኔ ድንኳን ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም» ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም።

ኦክቶበር 27፣ ሐሙስ

ሌላንድ ሱቁ ውስጥ ሰምቶ መጣ። ከተማ ትንሽ ናት።

«ከቶሌዶ ሰው ቀጠራችሁ አሉ።»

«አዎ።»

«ከውስጥ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ሐሳባቸውን ቀየሩ።»

«ማን? እነሱ?»

«እነሱ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሳህን ማጠብ ጀመረ። አንዱን ሳህን ብቻ አጠበ፣ አጠበ። «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም። ገባኝ» አለ። ምኑ ነው የገባው? የገባውን ቢነግረኝ ምን አለበት?

ኖቬምበር 1

ማክሰኞ ነው። ተላጭቶ ወጣ። ጥቁሯን ሻንጣ ይዞ ነው የወጣው፤ ወረቀት የሚይዝባትን። ማታ ተመልሶ የት እንደ ነበር አልነገረኝም፤ እኔም ልጠይቀው አልቻልኩም። ከኋላው ቆሜ የሸሚዙን አንገት አሸተትሁ። የሳሙና ሽታ ነው። የእኛው ሳሙና።

ኖቬምበር 8

ዛሬም። ይብቃኝ። ዓርብ የቀድሞ ወታደሮች ቀን ነው፤ ክበቡ ቁርስ ያበላል፤ ትኖራለች። ሰው ሁሉ ባለበት አልናገራትም። ግን እናገራታለሁ።

ኖቬምበር 11፣ ዓርብ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሌላንድ ከወንዶቹ ጋር እንቁላል እየጠበሰ ነው። ኮሪን የዱሮ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፤ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። ካፖርት ማስቀመጫው ክፍል ስትገባ ተከትዬ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ልናገር ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

«ባሌን ልቀቂልኝ።»

ካፖርቷ እጇ ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«በየማክሰኞው። ቁርስ ቤት። አይቻችኋለሁ። ሞኝ አይደለሁም።»

ትስቃለች ብዬ ነበር፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ካፖርት ከወንበሩ ላይ አነሳችልኝና «ቁጭ በይ» አለችኝ። አልተቀመጥሁም።

«ይቆጣኛል፤ ግን እንዲህ እያሰብሽ እንድታድሪ አልተውሽም» አለች። «ማርሊስ፣ ባልሽ ከኦገስት ጀምሮ እኔ ጋ የሚመጣው ስራ ሊፈልግ ነው። ቢሮ አልገባም አለ፤ ወረፋው ላይ የሚያውቁት ሰዎች ስላሉ አፈረ። ስለዚህ ቁርስ ቤት እንገናኛለን። የስራ ታሪኩን አብረን ጻፍን። በረሃ ላይ አርባ መኪና የሚገባበትና የሚወጣበት የዕቃ ግቢ ያስተዳድር እንደነበር ታውቂያለሽ? በሃያ ሁለት ዓመቱ። እንዴት ይደረድሩት እንደነበር ሲነግረኝ ሁለት ገጽ ሞላሁ።»

ሁለት ገጽ። በጀርባው ጭምር።

«የፈለገው ቦታ አንድ ብቻ ነበር» አለች። «የአርሎን። አርሎ እንደሚወጣ ከሰማ ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደውልልኝ ነበር፤ ‹ወጣ?› ይለኛል። እኔ ከምልካቸው ወታደሮች እንደ አንዱ ሆኖ፣ በራሱ ስም፣ በፊት በር ሊገባ ነበር የፈለገው። ‹ማርሊስ በመጀመሪያው የስራ ቀኔ ኮሪደሩ ላይ ብታየኝ ምን ትላለች› እያለ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ከውስጥ ተሞላ አልኩት። አንቺ ስላልሽኝ።»

ዓይኔን ከእሷ ነቅዬ ካፖርቶቹ ላይ አደረግሁ። ያ ነው የነገራት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

«የቶሌዶው ሰውዬ ከውስጥ ነው እንዴ?»

«አይደለም።»

«ሳትልኪልኝ የቀረሽው እኔን ላለማየት ነው?»

«አዎ።»

ጮክ ብላ ብትሰድበኝ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን ካፖርቷን ለበሰች፤ አንድ በአንድ ቆለፈች። «እኔ መዝገቤ ላይ የሆነውን እጽፋለሁ፤ ስራዬ ነው» አለች። «ሌላንድ ግን ከእኔ አይሰማውም። ከአንቺ ነው የሚሰማው።»

ወጣሁና ምግብ ተሰልፌ ወሰድሁ። ሌላንድ ሳህኔ ላይ ሁለት እንቁላል አደረገልኝ፤ አስኳሉን እንደምወደው አላፈረሰውም። «ምነው ፈዘዝሽ?» አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። አሁንም ዋሸሁት። ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ፤ በረሃውን ለእሷ በመናገሩ አሁንም ያንገበግበኛል። ደግነቷም ያናድደኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኖቬምበር 12

አልነገርሁትም። ቅጠል ሲጠርግ ዋለ።

ኖቬምበር 13

እሑድ ነው። አልነገርሁትም።

ኖቬምበር 14፣ ሰኞ

በመጀመሪያ ሚስተር ቲግ ጋ ገባሁ። ያ ይቀለኛል ብዬ ነው። ሁሉንም አይደለም የነገርሁት፤ ቦታው ለስቴቱ ሳይላክ እንደ ቀረ፣ «ከውስጥ የሚሞላ» የሚለውን እኔ እንደ ጻፍሁት፣ እውነት እንዳልነበረ።

«ማርሊስ፣ አንቺ?» አለ። ቀጥሎ «ታዲያ አሁን ምን ይሁን? ብራይስን ላባርረው?»

«እሱ ምን አጠፋ። ፋይሉን ላስተካክል ነው የመጣሁት። የሆነውን በጽሑፍ አስገባለሁ።»

«ዝም ብትይው ማን ያየዋል?»

«ዊላ አይታዋለች። ኮሪን አይታዋለች። እኔም አይቼዋለሁ።»

«ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ያንቺ ፊርማ ነው። እኔ እንዳላወቅሁ ነው የምናገረው።»

ዱክ እምቢ ባለ ቀን ቶሌዶ ደውይ ያለኝ ማን ነበር? አላነሳሁበትም። «እርስዎ እንዳሉ» ብዬ ወጣሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ግን እዚህ ላይ እከኩ የራሴ ነው። አንድ ገጽ ጽፌ ፋይሉ ውስጥ አስገባሁ። ዊላ ጎንበስ ብላ አነበበችውና ስኳር ያለበት ሻይ አመጣችልኝ።

ኖቬምበር 15፣ ማክሰኞ

ነገርሁት።

ከስራ ፈቃድ ወስጄ በጠዋት። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር፤ ተላጭቷል። ቆሜ ነው የነገርሁት፤ ከተቀመጥሁ አልጨርሰውም ብዬ። ቁርስ ቤቱን በመስታወት እንዳየሁ፣ ገጹን እንደ ዘጋሁ፣ እንደ ፈረምሁ፣ ሁለቴ እንደ ዋሸሁት። «ቀንቼ ነው» አልኩት። ቃሉን በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍሁትም።

 ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ።

«እኔ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነበር።»

«ምን?»

«የቶሌዶውን ሰው የሰማሁ ቀን። ለእኔ እንዳይደርሰኝ ብለሽ የደበቅሽው መሰለኝ። ያኔ ኮሪደሩ ላይ ስለሳቁብኝ፣ ደግሞ እዚያ እንዳልታይብሽ። ፈረድሁልሽ እኮ። የማታ የማታ ስታይኝ ምን ታያለሽ፣ ሱቅ ውስጥ ሚስማር የሚመዝን ሰው።»

«ሌላንድ፣ በጭራሽ...»

«ቆይ ልጨርስ። ‹ገባኝ› ያልኩሽ ያንን ነው። ከዚያ በኋላ ቅርብ ቦታ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሌላ ጠየቅሁ። ኢንዲያናፖሊስ አንድ የዕቃ ማከማቻ አለ። ሁለት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ሄጄ ነበር። ትናንት ፈረምሁ። ሰኞ እጀምራለሁ።»

ኢንዲያናፖሊስ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

«እየተመላለስክ?»

«እዚያ ክፍል ይሰጡኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ልለው የሚገባኝ ብዙ ነበር። አትሂድ። ወይም ይዘኸኝ ሂድ። ወይም እንኳን ደስ አለህ፤ ሰው እኮ ነው፣ በራሱ ስም በፊት በር ገባ፣ ያንን ነበር የፈለገው። አንዱንም አላልኩም። ከአፌ የወጣው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ የሚል ነው፦

«ኮሪን ናት ያገኘችልህ?»

ሌላንድ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ» አለ። «የእነሱ ማስታወቂያ ስለ ደረሳት።»

ተነስቶ ሻንጣ ሊያወርድ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ ሻንጣዎቹን የት እንደምናስቀምጥ ጠፍቶት በሮቹን አንድ በአንድ ሲከፍት ይሰማኛል።